ታጥቦ የተገጠመው ኮምፒውተር

ጥቅምት 9

ለማከብርሽ ለእትዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ወገብሽ እንዴት ከረመ? ወንድምሽ ጋሼስ? እኔ እዚህ ሰው አገር ብርዱ ጆሮዬን ከመቆንጠጡ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለሁ። እናንተን ያቆይልኝ። ስልክ ብደውል እንደማታነሺ አውቃለሁ። «የሰው ላብ የተቀባ ነገር ጆሮዬ ላይ አልለጥፍም» ካልሽ ወዲህ እንደ ድሮ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ለምጃለሁ።

ጋሼ ከታመመ ወዲህ አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣችም ብለሽ የጻፍሽልኝ ከልቤ አልወጣም አለኝ። ሐኪሙ «ሐሳቡ ደህና ነው፤ የተያዘው ምላሱና ቀኝ ጎኑ ነው» ካለ፣ የሚናገረው ሞልቶ መውጫው ብቻ ነው የጠፋበት ማለት ነው። በግራ እጁ እንዲጽፍ እርሳስ ብትሰጪው አንድ መስመር ሞክሮ፣ የወጣውን ፊደል አይቶ ወረቀቱን ቀደደው አልሽኝ። አልፈርድበትም። የሰፈሩን የሱቅ ሰሌዳ ሁሉ በእጁ የጻፈ ሰው እንደ ጀማሪ ተማሪ ሲንቀጠቀጥ ከሚታይ ዝም ቢል ይመርጣል።

ስለዚህ አንድ ካርቶን ልኬያለሁ። እኔ የምሠራበት ድርጅት የእጅ ኮምፒውተር ይሸጣል፤ የሚሸጠው ግን ተበትኖ ነው። ቦርዱ ለብቻ፣ ቁልፎቹ ለብቻ፣ ትንሿ ስክሪን ለብቻ፣ ጥቃቅኑ ዕቃ በላስቲክ ተቋጥሮ። ገዢው ቤቱ ወስዶ ራሱ ይበይዳል፣ ራሱ ይገጥማል፣ ሲያልቅ የፈለገውን ፕሮግራም ይጽፍበታል። የትርፍ ጊዜ መዝናኛቸው ነው። የኔ ሥራ ላስቲኩን መሙላት ነው፤ አንድም ቀን ምን እንደምሞላ አስቤ አላውቅም ነበር። የጋሼን ነገር ስሰማ ግን መሐንዲሳችንን እየለመንኩ ተማርኩና ለእሱ የሚሆን ፕሮግራም ጫንኩበት።

ስክሪኗ ነጠብጣብ እንጂ ፊደላችንን አታውቅም። እያንዳንዱን ፊደል ነጥብ በነጥብ እኔው ሣልኩት። አሥራ ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱን ሲጫን አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይወጣል። አሥራ ሁለቱንም ሞልቼለታለሁ። ሌላ ነገር ማለት ከፈለገ ደግሞ ፊደል በፊደል እየመረጠ መጻፍ ይችላል፤ ያልወደደውንም፣ ቃልም ይሁን የፊደል ነጥብ፣ ማጥፋትና መቀየር ይቻላል። እጁ ቢንቀጠቀጥም ፊደሉ አይንቀጠቀጥም። መመሪያውን አብሬ አድርጌዋለሁ።

ለመበየዱ ጎረቤታችሁን ሬዲዮ ሠሪውን ለምኚው። ደግሞ እትዬ፣ በፈጠረሽ ይዤሻለሁ፣ እንዳታጥቢው።

ደጃችሁ ሰላም ይሁን።

የአጎትሽ ልጅ


ታኅሣሥ 2

ለአጎቴ ልጅ ለቀልቃላው፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህን ይስጥህ፣ ጆሮህንም ይሸፍንልህ። ወገቤ እንደነበረ ነው፤ ስጎነበስም ያመኛል፣ ስቀናም ያመኛል፣ ስለዚህ ሥራዬን አላቆምኩም። ወንድሜም በልቶ ያድራል።

ካርቶንህ ከደብዳቤህ ቀድሞ ደረሰ። ስለዚህ አጥቤዋለሁ።

አትጩህ። እኔ ፖስታ ቤት የነካውን ነገር ሳላጥብ ቤቴ አስገብቼ አላውቅም። እናትህ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የላከችልኝን ጫማ አጥቤ ሶሉ ሲገነጠል ስቃብኝ ነበር እንጂ አልተቆጣችም። ደግሞ ማሸጊያው ፕላስተር ላይ የሰው ፀጉር ተጣብቋል። ቢጫና ረጅም ነው። ያንተ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አንተ ከተመለጥክ ቆይተሃል። ማን እንደሆነች አላውቃትም፤ ፀጉሯ ግን እኔ ቤት ድረስ መጣ። በሁለት ጣቴ ይዤ ነቀልኩትና ከሰል ላይ ጣልኩት። ከዚያ በኋላ ላስቲኩን ሁሉ ፈትቼ ዕቃውን ወንፊት ውስጥ ጨመርኩና ለሐር ሸሚዝ በማስቀምጠው ሳሙና፣ ለብ ባለ ውሃ አለቀለቅኩት። ስክሪኗን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ነው ያበስኳት፤ እሷ ታሳዝናለች። አረፋው ጥቁር ወጣ ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ግን ሳይወጣ አይቀርም።

ለመሆኑ ይሄ ምን ዓይነት ንግድ ነው? እንግዳ ጠርቶ ሽንኩርትና ቢላ ማቀበል ማለት ይሄ ነው። እኔ ልብስ አጣቢዋ የደንበኛን ሸሚዝ አርጥቤ «ካውያው ያውልህ» ብለው ምን ይለኛል? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ወንድሜ ግን ወንፊቱን ከእጄ ነጠቀኝ። በግራ እጁ እያንዳንዷን ዕቃ እያነሳ፣ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ፣ ያውም ነጭ አንሶላ ላይ፣ በየቀለሟ ደረደራት። ከታመመ ወዲህ ወደ ምንም ነገር እጁን ሲዘረጋ አላየሁትም ነበር። ቆሜ አየሁት። አንሶላው የደንበኛ ነው፤ እንደገና ይታጠባል።

ሬዲዮ ሠሪው ከሰዓት በኋላ እየመጣ ይበይዳል። ታስታውሰዋለህ፣ «ፐ» ባለ ቁጥር ዝናብ የሚያዘንበው ሰውዬ ነው። ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር ነገር እኔ ከማውቀው ጊዜ ጀምሮ እዚያው ነው። ወንድሜ የዕቃዎቹን እግር በየቀዳዳው ይሰካል፣ እሱ መበየጃውን ያስጠጋል። ጢሱ እንደተቃጠለ ሙጫ ይሸታል፤ ከሰቀልኩት ሸሚዝ ሁሉ ውስጥ ይገባል። አንድ የባንክ ሰው ደንበኛ አለኝ፤ ኮሌታውን አሽትቶ «ልብሴን የት ነው ያሳደራችሁት?» አለኝ። ሰው እኔ ባጠብኩት ልብስ ላይ አፍንጫውን ሲሸበሽብ የመጀመሪያዬ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው የወንድሜ ለሃጭ ነው። አጎንብሶ ሲሠራ በቀኝ ከንፈሩ በኩል ይዘረጋና ቦርዱ ላይ ጠብ ይላል። ሬዲዮ ሠሪው «ምንም አይደል፣ ይደርቃል» ይላል፤ ለእሱ ምን ሆነና። እኔ ጨርቅ ይዤ ከኋላው እቆማለሁ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አፉን በዳበሳ እፈልግና እጠርግለታለሁ፤ ጨርቁን ወዲያው በረኪና ውስጥ እከተዋለሁ። ምን ላድርግ፣ ተፈጥሮዬ ነው። የራሴንም ምራቅ አልወድም።

አንድ ሌላ ነገር አለ። የሕሙማን ማቆያው ቤት ውስጥ አንድ አልጋ ተለቋል። ንጹህ ነው ይላሉ፣ ነርስም አለ። እኔ በዚህ ወገቤ ማንሳቱንም ማጠቡንም እስከ መቼ እችለዋለሁ? ኃላፊዋ ግን «ሰው ዕቃ አይደለም፤ እሄዳለሁ ብሎ በራሱ ቃል ካልነገረን አንቀበልም» አለች። ወንድሜን ስጠይቀው ዓይኑን ይጨፍናል። እሺም እንቢም አይልም፣ ይጨፍናል። ስለዚህ ከአሥራ ሁለቱ ቁልፎች ባንዷ ላይ «እሄዳለሁ» የሚል አስገባልኝ።

ከክፉ ይሰውርህ። እጅህን እየታጠብክ ሥራ።

እህትህ


ጥር 18

ለማከብርሽ ለእትዬ፤

ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ወገብሽንም ያቅናልሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ «አጥቤዋለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን እንደያዝኩ ወደ መሐንዲሱ ሮጥኩ። እሱ ግን ሳቀ። «እኛም ከብየዳ በኋላ ቦርዱን እናጥበዋለን፤ ባትሪ ድንጋይ ሳይገባበት በደንብ ከደረቀ ምንም አይሆንም። እህትህ ሥራ ትፈልጋለች?» አለኝ። እንግዲህ ፀሐይ ላይ አስጪው። ፀጉሩ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ነው፤ ነግሬያት ሻሽ አስራለች።

ጋሼ እጁን ዘረጋ ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት።

የጠየቅሽኝን ቁልፍ ከዚህ ሆኜ ማስገባት አልችልም፤ ፕሮግራሙ አሁን እናንተ ዘንድ ነው። እንዴት እንደሚቀየር በሌላ ወረቀት ላይ ጽፌልሻለሁ። ስለ ማቆያው ቤት እኔ ምን እላለሁ፣ ሩቅ ነኝ። የሚበጀውን አንቺ ታውቂያለሽ።

አሁን ደግሞ ሳልወድ የምጽፈው ነገር አለ። አለቃችን የጋሼን ታሪክ ከመሐንዲሱ ሰምቶ ጠራኝ። አስቀመጠኝ፤ እዚህ ከገባሁ አስቀምጦኝ አያውቅም። ፊልም ይፈልጋል። በሬዲዮ ሠሪው ስልክ ቢቀረጽ ይበቃል አለ። ጋሼ በግራ እጁ ዕቃውን ሲሰካ፣ ከዚያ የመጀመሪያዋን ቁልፍ ሲጫን፣ አንቺም አጠገቡ ሆነሽ ስታለቅሺ፤ ማለቴ፣ ከመጣልሽ። ማስታወቂያቸው ላይ ያወጡታል። ደግሞ «አፉን አትጥረጉለት፣ እንዳለ ይሁን፤ ሰው ልቡ የሚነካው እንደዚያ ሲያይ ነው» ብሏል። የእሱ ቃል ነው፣ የኔ አይደለም።

እኔ እስካሁን በኮንትራት መሆኔን ታውቂያለሽ። ፊልሙ ከመጣ ቋሚ እንደሚያደርገኝ በቃሉ ነግሮኛል። እንዲህ ብዬ ላስጨንቅሽ አይደለም። ብቻ እንድታውቂው ነው።

ቤታችሁን በረከት ይሙላው።

የአጎትሽ ልጅ


መጋቢት 27

ለአጎቴ ልጅ፤

ደህና እንደሆንክ ተስፋ አለኝ። እኛ አለን።

መልሴ የዘገየው በፖስታ ቤቱ አይደለም። ደብዳቤህን አንብቤ እጄን ታጠብኩ፤ ከዚያ ሳጥን ውስጥ ከትቼው ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ደግሜ ታጠብኩ። አለቃህን ሰው ለሃጭ ሲያይ ልቡ ይነካል ያለው ማነው? የሚነካው ሆድ ነው። ለሃጩን እኔ ነኝ የማውቀው፤ ሽታውን፣ ከደረቀ በኋላ ቆዳ ላይ የሚተወውን ነጭ ነገር፣ ሸሚዝ ላይ የሚያወጣውን ቢጫ እድፍ። እሱ ሊሸጥበት ነው። አንተ ደግሞ ይሄንን ወረቀት ላይ አስፍረህ፣ ፖስታው ላይ ቴምብር ልሰህ ላክህልኝ። በምላስህ ነው አይደል የላስከው? አወቅሁ። «የእሱ ቃል ነው፣ የኔ አይደለም» ትለኛለህ። በማን እጅ ተጻፈ ታዲያ?

ፊልም የለም። ዳግመኛ እንዳታነሳብኝ።

ይልቅ መሣሪያህ ምን እንዳደረገ ልንገርህ። ተበይዶ አለቀ፤ እኔም በድጋሚ አጠብኩት፤ መሐንዲስህ ካለ ምን አገባህ። መስኮቱ ላይ አስጥቼው ሲደርቅ ሬዲዮ ሠሪው ባትሪ ድንጋዩን አስገባና በራ። ሁላችንም ከበብነው። ታጥቦ ጭቃ ይሆናል ብዬ ስፈራ ሰማያዊ ሆኖ ሲበራ፣ አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ። ወንድሜ የመጀመሪያዋን ቁልፍ ተጫነ። «ስላደረጋችሁልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ» አለች። ሁለተኛዋን ተጫነ። «እግዜር ይስጥልኝ»። ሦስተኛዋ «አስቸገርኳችሁ»፣ አራተኛዋ «ውሃ ብትሰጡኝ»። እንዲህ እያለ እስከ አሥራ ሁለተኛዋ ሄደ። ዘጠነኛዋ ላይ ያለው «ይህን መሣሪያ የላከልኝን ወንድሜን ይባርክልኝ» የሚለው ነው። ቀልቃላው፣ አላፈርክም? ወንድሜን በገዛ ቤቱ ለማኝ አደረግኸው። አንዲት «ተወኝ» የምትል ቁልፍ እንኳን ለዚህ ሰው አትገባውም?

እሱ ሁሉንም አይቶ ሲጨርስ መሣሪያውን ከፊቱ ገፋ አደረገና ተፋ። ወለሌ ላይ። መትፋት ይችላል ብዬ አላስብም ነበር፤ ተፋ። እኔ በንግግሩ ተቀይሞ ነው ብዬ፣ ወለሉን እየወለወልኩ አንተን እረግማለሁ። ሬዲዮ ሠሪው ባትሪው አንሶ ነው ይላል። ወንድሜ ግን መሣሪያውን ኪሱ ከትቶ በግራ እጁ ቀሚሴን ይዞ ወደ ደጅ ጎተተኝ። እግሩን እየጎተተ፣ እኔንም እየጎተተ፣ መንገዱን አሻግሮ ልብስ ሰፊው ሱቅ ፊት አቆመኝ። ሰሌዳው ላይ በቀይ የጻፈውን የራሱን «መ» በጣቱ ተከተላት፣ ክቧን፣ ከዚያ ሁለተኛዋን ክብ። ከዚያ መሣሪያውን አውጥቶ ያንተን «መ» አሳየኝ።

አየኋት። የተረገጠ ጥንድ ድንች ትመስላለች። «ለ»ህ አንድ እግሯ ወልቆባታል። «ጠ»ህን ለደንበኛ ልጅ አሳይቼው ወንበር ነው አለኝ። የተጸየፈው ልመናውን ሳይሆን ፊደሉን ነው። አርባ ዓመት ሰሌዳ የጻፈ ሰው በዚህ አፍ ሊናገር አይችልማ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ ሁለቱንም ቃልህን አጥፍቶ ፊደሉን ከ«ሀ» ጀምሮ እንደገና ይሠራል። ነጥብ ያበራል፣ ያጠፋል፣ ራቅ አድርጎ ያያል፣ ደግሞ ያጠፋል። አንዲት ፊደል ላይ ከቁርስ እስከ ምሳ ይቀመጣል። ፊደላችን ደግሞ ሲቆጥሩት አያልቅም። «ኧረ ቢያንስ አንዲት ቃል በለኝና ከዚያ ቀጥል» እለዋለሁ። ቀና ብሎ አያየኝም። ያቺን «እሄዳለሁ» በመመሪያህ እኔው አስገብቻት ነበር፤ በማግስቱ ሳያት የለችም። ጨርቄን ይዤ ከኋላው እንደቆምኩ ነው።

ማቆያው ቤት ሄጄ አየሁት። ወለሉ ይታጠባል። ሌላውን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። አልጋው እስከ ክረምቱ መግቢያ ይጠብቀኛል።

ቴምብሩን በውሃ ለጥፍ።

እህትህ


ግንቦት 8

ለማከብርሽ ለእትዬ፤

ቁጣሽ ደረሰኝ፤ ጤና ሆኖ መቆጣትም ጸጋ ነው፣ አያሳጣሽ። ቴምብሩን በእርጥብ ስፖንጅ ለጥፌዋለሁ፤ ብትፈልጊ መሐንዲሱ ምስክር ነው።

ለአለቃዬ አይሆንም ብዬ ነገርኩት። ጀግና ሆኜ እንዳይመስልሽ፤ «ቤተሰቦቼ ካሜራ ይፈራሉ» ነው ያልኩት። እሱም ችግር የለም አለ። ከኔ ማዶ ያለው አሻጊ የአያቱን ፊልም አመጣ። አሮጊቷ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ቁልፏን ሲስቱ፣ ደግመው ሲስቱ፣ በመጨረሻ ሲያገኟት ነው። በምሳ ሰዓት በትልቁ ስክሪን አሳዩን። ሁሉም አጨበጨበ፤ አለቃዬ ዓይኑን ጠረገ፣ ከዚያ «የሳቱበትን ቦታ ትንሽ አርዝሙት» አለ። ጎርሼው የነበረውን በወረቀት አወጣሁት። ያንቺ ተፈጥሮ ወደኔም ሳይተላለፍ አልቀረም። ልጁ ቋሚ ሆኗል፤ እኔ በኮንትራቴ አለሁ።

ስለ አሥራ ሁለቱ ቃል ያልሽኝ እውነት ነው። ሰው ሲታመም የሚለው አመሰግናለሁ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ግን እትዬ፣ አትቆጪኝና፣ አንቺም አንዷን ቁልፍ ሞልተሻታል። እኔ ምስጋና ከተትኩበት፣ አንቺ ስንብት። ጋሼ ሁለታችንንም አጠፋን። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፣ ራሴ እንደሆነ አልቋል።

አንድ ልመና ብቻ አለኝ። የጋሼን ፊደሎች ላኪልኝ። ስክሪኗን እያየሽ ነጥቦቹን ወረቀት ላይ ብትቀጂያቸው ይበቃኛል። ለአለቃዬ አይደለም፤ እሱ መኖራቸውንም አያውቅም። ለራሴም አንድ መሣሪያ ገጥሜያለሁ፤ በተረገጠ ድንች መጻፍ አስጠላኝ።

ያስባችሁ።

የአጎትሽ ልጅ


ሰኔ 14

ለወንድሜ ለቀልቃላው፤

እንደምን ከርመሃል? ምግብህን አኝከህ ዋጥ፤ ወረቀት ላይ መትፋት የኛ ዘር ልማድ አይደለም። ወገቤ ይመስገነው፣ ወንድማችንም ይመስገነው።

ፊደሎቹ ከዚህ ጋር አሉ። ካሬ ካሬ ባለው ወረቀት ላይ እኔ ነኝ የቀዳኋቸው፤ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ አንዲት ነጥብ በሳትኩ ቁጥር ጠረጴዛውን በጉልበቱ ይመታል። «ሠ» ላይ ሦስት ወረቀት አስጣለኝ። ለአንተ የላከልህ መልእክትም አለ፤ እንዳለ ነው የማሰፍረው፦ «መሣሪያው ጥሩ ነው። ያንተን መ ቅበራት።»

አዎ፣ ይናገራል። አሁን ወደ እሱ ልምጣ፤ እስካሁን የዞርኩት ፈርቼ ነው።

የመጨረሻዋን ፊደል የጨረሰ ዕለት እኔ እንደወትሮዬ ጨርቄን ይዤ ከኋላው ቆሜያለሁ። ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገና ወደ ፊቱ እንድመጣ በጣቱ ጠራኝ። መጣሁ። ሲጽፍ ጠበቅኩት። ጽፎ ሲያበቃ መሣሪያውን ወደኔ አዞረልኝ። መጀመሪያ ያየሁት ቃሉን አይደለም፣ ፊደሉን ነው። ልብስ ሰፊው ሰሌዳ ላይ ያለው እጅ እዚያች የጣት ቁመት በሌላት ስክሪን ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የወንድሜን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። «እንዴት ያምራል» አልኩት። ከዚያ አነበብኩት።

«እሄዳለሁ። እዚያ ፊቷን አዙራ የምትጠርገኝ እህቴ አይደለችም።»

ይሄው ነው። ያንን ሁሉ ወር ከ«ሀ» ጀምሮ ሲያጸዳ የከረመው ይሄንን ሊለኝ ነው።

ማቆያው ቤት ያየሁትን አልጻፍኩልህም ነበር። በመታጠቢያው ክፍል መስታወት ሥር አንድ ማበጠሪያ በገመድ ታስሯል። አንድ ማበጠሪያ፣ ለሁሉም። በጥርሶቹ መሐል የስንቱ ሰው ፎረፎርና ሽበት ተጣብቋል። ወንድሜ በዚህ ሊበጠር ነው አልኩ በልቤ። አልኩና ኃላፊዋን አልጋውን ያዢልኝ ብያት ወጣሁ፤ ውጭ ስደርስ ከቦርሳዬ ሳሙና አውጥቼ ቧንቧ ፈለግኩ። የተጸየፍኩት ማበጠሪያውን ብቻ ነበር።

ወደዚያች ሰዓት ልመለስ፤ ጨርቁ በእጄ አለ፣ ስክሪኗ ፊቴ በርታለች፣ ለሃጩም እንደ ሁልጊዜው ሊወርድ ተንጠልጥሏል። ጨርቁን አስቀመጥኩት። ፊት ለፊቱ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ፊቱን አየሁት። ከታመመ ወዲህ አፉን በቅርበት አላየሁትም ነበር፤ ቀኝ ጫፉ ቆስሏል። በዳበሳ ስጠርገው ጨርቁ እየፋቀው ነው የቆሰለው። በባዶ መዳፌ ጠረግኩለት። ሙቅ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ አቅለሸለሸኝ፤ አሁንም ያቅለሸልሸኛል፣ ነገም ሳያቅለሸልሸኝ አይቀርም። ፊቴን ግን አላዞርኩም። ዓይኑን እንዳይጨፍን ፈራሁ፤ አልጨፈነም።

ከዚያ መሣሪያውን ወደራሱ መልሶ መጻፍ ጀመረ። ቀስ ብሎ ነው የሚጽፈው። እኔ እርጥብ እጄን በአየር ላይ እንደያዝኩ፣ ምን ሊለኝ ነው ብዬ ተቀምጫለሁ። አዞረልኝ።

«እጅሽን ታጠቢ። ደንበኛ ቆሟል።»

ዘወር ስል የባንኩ ሰው ሸሚዙን በክንዱ ይዞ በራፉ ላይ ቆሞ እያየን ነው። ወንድሜ በግማሽ አፉ ሳቀ፤ ሲስቅ ደግሞ ሌላ ለሃጭ መጣ።

ለኃላፊዋ አልጋውን ለሌላ ስጪው ብያታለሁ። «እሄዳለሁ አላለም?» ብላ ጠየቀችኝ። ብሎ ነበር፣ አልኳት፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ግን ይሄኛው ከስክሪን የወጣ ነው፣ ይጠፋል። አልገባትም።

እውነት ለመናገር ያቺን «እሄዳለሁ» የመጀመሪያዋ ቁልፍ ላይ አስገብቷት ብዙ ቀን አልጠፋችም ነበር። ስጠርገው መጀመሪያ ቁልፏን ያያል፣ ከዚያ ዓይኔን ያያል። ፈተና ላይ እንዳለ ሰው ነበርኩ። ባለፈው ሳምንት ጠረጴዛውን ላጸዳ መሣሪያውን ሳነሳ፣ ጠፍታለች እንዴ ብዬ ቁልፏን ተጫንኳት። ጠፍታለች። በቦታዋ «እጅሽን ታጠቢ» የሚለውን አስገብቶባታል። የቀሩት አሥራ አንዱ እስካሁን ባዶ ናቸው፤ ምን እንደሚያስገባባቸው ሲጠየቅ ትከሻውን ይነቀንቃል።

ከዚያ ወዲህ በጠረግኩት ቁጥር ያቺን ቁልፍ ይጫናታል። እኔም ታጥቤ እመለሳለሁ።

ሰላም ያገናኘን።

እህትህ